ቦይኮት የሚባል ሰው ነበር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ነው የምኖረው። ለአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የውጭ ዜና እተረጉማለሁ። «ቦይኮት» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ሳይመጣብኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። አንዴ «አድማ መቱ» እላለሁ፤ አንዴ «ራሳቸውን አገለሉ»፤ ሲጨንቀኝ ደግሞ «ቦይኮት አደረጉ» ብዬ አልፈዋለሁ። አርታኢያችን በሦስቱም አይስማሙም። ለመሆኑ ትርጉሙ በትክክል ምንድን ነው? ከየትስ የመጣ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ደስ አለኝ። እንግሊዝኛ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ይህን ግስ ታሪኩን ሳልናገር አስተምሬው አላውቅም። ታሪኩን የያዘ ሰው በአጠቃቀሙ እምብዛም አይሳሳትም። ስለዚህ ከታሪኩ ልጀምርልሽ።

ቦይኮት የሰው ስም ነው። ቻርልስ ከኒንግሃም ቦይኮት ይባላል። በ1832 እንግሊዝ አገር፣ ኖርፎክ ውስጥ ተወለደ (ቀኖቹንም ዓመቶቹንም ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ ነው)። ወታደር ነበር። ከውትድርና ከወጣ በኋላ አየርላንድ ቀረ። በ1870ዎቹ ምዕራብ አየርላንድ ሄዶ፣ ሜዮ በሚባለው አውራጃ፣ ሎክ ማስክ ከሚባል ሐይቅ ዳር ተቀመጠ። ሥራው የባለርስቱ የሎርድ ኧርን ምስለኔ መሆን ነበር። ኪራይ ይሰበስባል፣ ያልከፈለውን ጭሰኛ ያስለቅቃል። ለራሱም ሰፊ እርሻ ነበረው። ሰው ሁሉ «ካፒቴን» ይለዋል።

ጭሰኛ ማለት ምን እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። «መሬት ላራሹ» የተባለበት አገር ልጆች ነን። አየርላንድም እንዲሁ ነበር። መሬቱ የጥቂት ባለርስቶች ነው፤ ብዙዎቹ እዚያ አይኖሩም። አራሹ ኪራይ ከፍሎ ያርሳል፤ ምርት ከከዳው ከነልጆቹ ከደጁ ይነቀላል። ከ1845 ጀምሮ ድንቹን በሽታ መትቶት ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው በረሃብና በበሽታ አልቋል። ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል ተሰዷል። በ1879 ዝናቡ በዝቶ ምርቱ እንደገና ሲበላሽ ያ ዘመን የተመለሰ መሰላቸው። በዚያው ዓመት የመሬት ማኅበር አቋቋሙ። ከመሥራቾቹ ዋናው ማይክል ዴቪት ነበር። ሜዮ ተወልዶ፣ በአራት ዓመቱ ከነቤተሰቡ ከቤቱ የተነቀለ ሰው ነው። ሊቀ መንበሩ ቻርልስ ስቱዋርት ፓርኔል የሚባል የፓርላማ አባል ሆነ።

መስከረም 19 ቀን 1880 ፓርኔል ኤኒስ በምትባል ከተማ ለሕዝብ ንግግር አደረገ። «ጎረቤቱ የተነቀለበትን መሬት የሚወስደውን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ከሕዝቡ መሃል «በጥይት!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ፓርኔል ከዚያ የተሻለ፣ ክርስቲያናዊ የሆነ መንገድ አለ አላቸው። መንገድ ላይ ስታገኙት ሽሹት፤ ሱቅ ውስጥ፣ ገበያ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያንም ውስጥ ሳይቀር ብቻውን ተዉት፤ በጥንት ጊዜ ለምጻም እንደሚገለለው አግልሉት አላቸው።

ይህ ሐሳብ ለእኛ አዲስ አይደለም። እሳት የማይጫጫሩት፣ ለቅሶ የማይደርሱለት ሰው ምን እንደሚሆን የገጠር ልጅ ያውቀዋል።

ፓርኔል ይህን በተናገረ በሦስተኛው ቀን የቦይኮት ተራ ደረሰ። ጭሰኞቹ ዘመኑ ክፉ ነውና ከኪራዩ ከመቶ ሃያ አምስት ይቀነስልን ብለው ነበር። ሎርድ ኧርን ከመቶ አስር በላይ አልቀንስም አለ። ቦይኮትም የማስለቀቂያ ወረቀት እንዲታደል አደረገ። ወረቀቱን የያዘው የፍርድ ቤት መልእክተኛ በፖሊስ ታጅቦ መንደሩ ሲደርስ ሴቶቹ ተሰብስበው ጠበቁት። ጭቃና ፍግ እየወረወሩ አባረሩት። በማግሥቱ የቦይኮት ሠራተኞች እርሻውንም፣ ጋጣውንም፣ ቤቱንም ጥለው ወጡ።

ቀሪውን ከራሱ አንደበት መስማት ይሻላል። ለለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ የጻፈው ደብዳቤ ጥቅምት 18 ታትሟል። ቀጥቃጩ ለእኔ ከሠራ እንደሚገደል የሚያስፈራራ ደብዳቤ ደረሰው ይላል። ልብስ አጣቢዋ ልብሴን እንዳታጥብ ታዘዘች ይላል። ፖስታዬን ባሊንሮብ ከምትባለው ከተማ የሚያመላልሰው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ተመትቶ፣ ዳግመኛ እንዳትሄድ ተባለ ይላል። ባለሱቆች ምንም እንዳይሸጡለት ተነግሯቸዋል። ምርቱ ሜዳ ላይ ቀርቷል፤ የሚሰበስብለት የቀን ሠራተኛ አጥቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እነዚያን ጭሰኞች ከልቤ አከብራቸዋለሁ። ግን ያን ልጅ መምታት ከፓርኔል ምክር ውጪ ነበር። ከአድመኞቹም ውስጥ አምኖ ሳይሆን ፈርቶ የገባ ነበረበት። ግሱ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ሁለቱንም ተሸክሞ ነው የመጣው።

ደብዳቤው ከታተመ በኋላ የሰሜን አየርላንድ ፕሮቴስታንቶች ለቦይኮት ገንዘብ አዋጥተው ሃምሳ ያህል ሠራተኛ ላኩለት። መንግሥት ደግሞ ለነሱ ጥበቃ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ ወታደርና ፖሊስ አሰለፈ። ከባቡር ጣቢያው የሚያደርሳቸው ባለጋሪ ጠፍቶ ሠራተኞቹ በዝናብ በእግራቸው ተጓዙ። በኅዳር ወር ሁለት ሳምንት ድንች ቆፈሩ፣ እህል ወቁ። የተሰበሰበው ምርት ሲበዛ ሲበዛ 500 ፓውንድ ያወጣል። ወጪው 10,000 ፓውንድ ደረሰ ተባለ። ሥራው ሲያልቅ ቦይኮት ሚስቱን ይዞ ወጣ፤ ሰረገላውን የሚነዳለት ሲቪል ሰው አላገኘምና በወታደር የቁስለኛ ጋሪ ተሳፈረ። ደብሊን ያረፈበት ሆቴልም «እሱን ካስተናገድክ አንተም ተራህ ነው» የሚል ማስፈራሪያ ደረሰው። ታኅሣሥ 1 ወደ እንግሊዝ ተሻገረ።

ስሙ እንዴት ግስ ሆነ? ይህንን የነገረን ጄምስ ሬድፓዝ የሚባል አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ነው። ሬድፓዝ አባ ጆን ኦማሊ ከሚባሉ የአካባቢው ቄስ ጋር ማዕድ ላይ ተቀምጦ መብላት አልቻለም። ምን ሆነህ ነው ሲሉት፣ አንድ ቃል አስቸግሮኝ ነው አለ። ለዚህ ዓይነቱ ማግለል የተማረው ሰው «ኦስትራሳይዝ» የሚል የግሪክ ዘር ያለው ቃል አለው፤ ገበሬው ግን አይገባውም። ቄሱም፣ እውነትህን ነው፣ አይገባቸውም አሉ። አጎንብሰው ሰፊ ግንባራቸውን መታ መታ አደረጉና «ቱ ቦይኮት ሂም ብንለውስ?» አሉ።

በዚያው ዓመት ቃሉ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ያን ጊዜ እንደ ሰው ስም በትልቁ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ አሁን እንደማንኛውም ግስ በትንሹ ነው። ፈረንሳዮች «ቦይኮቴ»፣ ጀርመኖች «ቦይኮቲረን»፣ ሩሲያውያን «ቦይኮቲሮቫት» አሉ። ጃፓኖችም «ቦይኮቶ» ብለው ወሰዱት። ሰውየው እስከ 1897 ኖሯል። ስሙ በየአገሩ ሲረባ በዓይኑ ያየ ሰው ነው።

አሁን ወደ ትርጉምሽ። ቦይኮት ለማለት ነገሩ በእጅ ያለ መሆን አለበት፦ መግዛት ትችያለሽ፣ መግባት ትችያለሽ፣ መምረጥ ትችያለሽ። የምትተዪው ደግሞ መልእክት እንዲሆን ብለሽ ነው። አብዛኛውን ጊዜም ከሌሎች ጋር ሆነሽ ነው። ገንዘብ ስላጠረሽ ሥጋ ብትተዪ ቦይኮት አይደለም። ዋጋው ተወደደ ብላችሁ ተነጋግራችሁ ብትተዉ ነው።

«ራሳቸውን አገለሉ» የሚለው ተቃውሞውን ያስቀርብሻል፤ የታመመም ራሱን ያገልላል። «በተቃውሞ ራሳቸውን አገለሉ» ካልሽ ይሄዳል። «አድማ መቱ» ብቻውን ሲሆን የሬዲዮ አድማጭ ጆሮ ላይ ሥራ ማቆም ሆኖ ይወድቃል። የኔ ምርጫ «አደሙ» የሚለው ነው፤ ከፊቱ የተተወውን ነገር መጨመር ብቻ ነው። «በምርጫው ላለመሳተፍ አደሙ»፣ «ዕቃውን ላለመግዛት አደሙ»። አጭር ነው፣ አማርኛ ነው፣ ስንዝር አይጎድልበትም። «ቦይኮት አደረጉ» ስሕተት የለበትም። ግን ሬዲዮ ላይ ከሆንሽ፣ ከብት ጥበቃ ላይ ሆኖ የሚሰማሽን ሰው አስቢው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በእንግሊዝኛ ድርሰቴ ላይ «ዘ ስቱደንትስ ቦይኮትድ ፍሮም ዘ ካፌ» ብዬ ጽፌ ቀይ ተሰመረበት። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ «ፍሮም»ን አውጣው። ይኸው ነው። ቦይኮት ተሻጋሪ ግስ ነው፤ ተሳቢውን ያለ መስተዋድድ በቀጥታ ይወስዳል። «ዘይ ቦይኮትድ ዘ ካፌ»፣ «ዘይ ቦይኮትድ ዘ ኢሌክሽን»፣ «ዘይ ቦይኮትድ ክላስስ»። ቄሱ ያሉትን ልብ በል፦ «ቱ ቦይኮት ሂም»። ግሱ በተፈጠረባት ዓረፍተ ነገር ውስጥ በግሱና በሰውየው መሃል የገባ ነገር የለም።

«ፍሮም»ን ያመጣብህ አማርኛህ ነው። እኛ «ከምርጫው ወጡ»፣ «ከመግዛት ተቆጠቡ» ስለምንል «ከ»ን ይዘን እንሻገራለን። ይህን ስሕተት ከጎበዝ ተማሪዎችም ደብተር ላይ ሳርም ኖሬያለሁ። እንዲያውም የሚበዛው ጎበዞቹ ላይ ነው፤ ረጅም ዓረፍተ ነገር የሚደፍሩት እነሱ ናቸው።

ከኋላው ሌላ ግስም አታስከትልበት። «ቦይኮት ቱ ኢት» አይባልም፤ የሚተወው ነገር ስም መሆን አለበት፦ ምግቡ፣ ካፌው፣ ስብሰባው። ኃላፊ ጊዜው ሲጻፍ «ቲ»ው አይደገምም፤ ቃሉ ራሱ በሁለት «ቲ» ነው የሚያልቅ፣ መጨረሻውን ብቻ ጨምርበት። ስም ሲሆን ደግሞ «ኤ ቦይኮት ኦፍ ዘ ካፌ» ትላለህ፤ መስተዋድዱ የሚመጣው ያኔ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች «የምግብ አድማ» እና «የረሃብ አድማ» ሲባል አንዳንዴ ይምታታል። ተማሪው የካፌውን ምግብ ትቶ ውጪ ሻይ በዳቦ ከበላ፣ እሱ ቦይኮት ነው። ምንም ሳይቀምስ ከዋለና ካደረ፣ እንግሊዝኛው «ሀንገር ስትራይክ» ነው። ድርሰትህ ውስጥ ሁለቱን ብታቀያይር አንባቢህ ተማሪዎቹ ነፍሳቸውን ሊሰጡ ተነስተዋል ብሎ ይደነግጣል።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፍልዎት። ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤት ስለ ሮዛ ፓርክስና ስለ አውቶቡሱ ቦይኮት ተማረችና «ሴቶች ከነበሩበት ለምን ቦይ ይባላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት?

መልስ፦ ልጅሽን ሳሚልኝ። ጥሩ ጆሮ አላት። በዚህ ቃል ውስጥ ወንድ ልጅ የለም በያት። የቤተሰብ ስም ነው፤ እነሱም ድሮ «ቦይካት» ብለው ይጽፉት ነበር፣ ቻርልስ ልጅ ሳለ ነው ወደ «ቦይኮት» የቀየሩት።

ሴቶቹንም ንገሪያት፤ ጥያቄዋ የሚገባው እነሱ ጋ ነውና። አየርላንድ ላይ ወረቀት አዳዩን በጭቃ ያባረሩት ሴቶች ናቸው። ሞንትጎመሪ በምትባለው የአሜሪካ ከተማ ደግሞ ሮዛ ፓርክስ አውቶቡስ ላይ ወንበሬን ለነጭ አልለቅም ብላ ታኅሣሥ 1 ቀን 1955 በተያዘች ሌሊት፣ ጆ አን ሮቢንሰን የምትባል የኮሌጅ መምህርት ሳትተኛ አደረች። «ሰኞ አውቶቡስ አትሳፈሩ» የሚለውን ወረቀት በሺህ የሚቆጠር ቅጂ አባዝታ በማግሥቱ አስበተነች። ለአንድ ቀን የታሰበው 381 ቀን ሄደ። በየነጩ ቤት ምግብ የሚያበስሉና ልጅ የሚጠብቁ ሴቶች ያን ሁሉ ጊዜ በእግራቸው ተመላለሱ። ከአውቶቡሱ ደንበኞች አብዛኛዎቹ ጥቁሮች ስለነበሩ የአውቶቡስ ድርጅቱ ባዶውን ነበር የሚዞረው። በ1956 መጨረሻ በአውቶቡስ ላይ ዘር መለየት ሕገ ወጥ ነው የሚለው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ሞንትጎመሪ ሲደርስ ነው ተመልሰው የተሳፈሩት።

ለአንቺ ለእናትየዋ የምነግርሽ አንድ ነገር አለኝ። የአውቶቡሱን አድማ የመራው ማርቲን ሉተር ኪንግ ራሱ «ቦይኮት» የሚለውን ቃል አልወደደውም ነበር። የደቡብ ነጮች ማኅበራት ለጥቁሮች መብት የቆመውን ሰው ሥራና ብድር በመንፈግ ይቀጡት ስለነበር፣ የእኛም ሥራ እንደነሱ ሊሆን ነው ወይ ብሎ ተጨነቀ። በኋላ ራሱ እንደጻፈው፣ ዓላማቸው ድርጅቱን ማክሰር አይደለም፤ ከክፉ ሥርዓት ጋር አንተባበርም ማለታቸው ነው ብሎ አሰበና «ብዙኃን አለመተባበር» የሚለውን መረጠ። አላባማ ደግሞ በ1921 ያወጣችው ፀረ ቦይኮት ሕግ ነበራት። በ1956 እሱንና ከሰማንያ በላይ ሰዎችን የከሰሱት በዚያ ሕግ ነው። አንድ ግስ ሰውን ፍርድ ቤት ሲያቆም ማየት ቃላትን ለሚወድ ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔና አባቴን አስታርቁን። ስለ ምሩጽ ይፍጠር ስናወራ አባቴ «በሞንትሪያል ኦሎምፒክ ታግዶ ነው ያልሮጠው» ይላል። እኔ «ቦይኮት አድርጎ ነው» እላለሁ። ማን ልክ ነው? ከደብረ ብርሃን።

መልስ፦ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ይዛችኋል፤ ነገሩን ልዘርዝረው።

ማገድ ከላይ የሚመጣ ነው። ባለሥልጣኑ «አትገባም» ይላል። በዚያ ዘመን ከኦሎምፒክ የታገደችው በአፓርታይድ የተነሳ ደቡብ አፍሪካ ናት። በ1976 የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ተጫወተ። የአፍሪካ አገሮች ኒውዚላንድ ከሞንትሪያል ትውጣ አሉ። የኦሎምፒክ ኮሚቴው ራግቢ የኦሎምፒክ ስፖርት አይደለም፣ አያገባኝም አለ። በዚህ ጊዜ ከሃያ አምስት በላይ አገሮች፣ አብዛኞቹ አፍሪካውያን፣ አንሳተፍም ብለው ቀሩ። ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። ማንም አላገዳትም፤ በሩ ክፍት ነበር። ስለዚህ አባትህ «ታግዶ» ያሉት አይሄድም።

ያንተም እክል አለው። ግሱ ባለቤት ይፈልጋል፤ ባለቤቱም ውሳኔውን የወሰነው ነው። ወሳኟ አገሪቱ ነበረች። ምሩጽ በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አግኝቶ፣ ለሚቀጥለው ሲዘጋጅ የኖረ ሯጭ ነው። እሱን የጠየቀው ሰው አልነበረም። በእርግጥ የቀረንበት ምክንያት አፓርታይድ ነበርና አገሪቱ ያን በማድረጓ እኮራለሁ። ግን ዋጋውን የከፈሉት ሯጮቹ ናቸው፤ የእነሱ ድርሻ በዓረፍተ ነገራችን ውስጥ እንዳይጠፋ እፈልጋለሁ። በ1980 ሞስኮን እነ አሜሪካ በሶቪየት የአፍጋኒስታን ወረራ የተነሳ ቦይኮት ሲያደርጉ እኛ ሄድን። ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ በ5,000ም በ10,000ም ሜትር ወርቅ አመጣ። በ1984 ከሶቪየት ጎን ቆመን ሎስ አንጀለስን፣ በ1988 ከሰሜን ኮሪያ ጎን ቆመን ሴኡልን ቀረን። ከሞስኮ በኋላ ቀጣዩ የኢትዮጵያ ወርቅ በ1992 ባርሴሎና የመጣው የደራርቱ ቱሉ ነው። በመሃሉ ስንት እግር እቤቱ ተቀምጦ ጊዜው አለፈበት!

እንግዲህ ለአባትህ እንዲህ በላቸው፦ «ኢትዮጵያ የሞንትሪያልን ኦሎምፒክ ቦይኮት ስላደረገች ምሩጽ ሳይሮጥ ቀረ።» በእንግሊዝኛ ስትጽፈውም ባለቤቷ ኢትዮጵያ፣ ተሳቢው ኦሎምፒኩ ይሁን።